ግራ እጅ

ኳስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ከባስክ ኮረብታ ሥር፣
ትንሽ የጎማ ፍሬ በሱፍ ክር የማስር፤
በፍየል ቆዳ አልብሼ፣
በሁለት መርፌ ጨርሼ፣
ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ፣ አንኳኩቼ የማደምጥ፣
ከክብደቷ ይልቅ ድምጿን የምመርጥ።

ሜዳ የለንም እኛ፤ አገሩ ቁልቁለት ነው እስከ ወንዙ ጥግ፤
ያለን አንድ ግድግዳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣
ወንድ ልጅ በባዶ እጁ ኳስ መትቶ የሚያይበት ወግ ማዕረግ።

የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ አላንድ፣ ግራኝ ነው።
ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው
አንድ እሁድ ኳሴን መታት። ድምጿ ተለየ፤
ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች እጅ አየር ላይ ቆየ፤
ቄሱም ከበሩ ዞሮ አየ።
"ይኼስ መክሊት ነው" አሉ፤ ቃሉ በመንደሩ ዞረ፤
ልጁም ከዚያ ቀን ወዲያ በቃሉ ውስጥ ኖረ።

ምን ይልፋ? ኳሷ ራሷ እጁን ፈልጋ ትመጣለች፤
ገና ግራውን ሲያነሣ ነጥቧ ተቆጥራለች።
ሌላው መዳፉን በሰም ሲያሽ፣ የደወሉን ማማ ደረጃ ሲሮጥ፣
እሱ ከድልድዩ ሥር ዓሣ ሲያባብል፣ ሲያላግጥ።
እኔም አልነገርኩት። ማን ደፍሮ ይናገር
"ገና ነህ" ብሎ፣ አጨብጭቦ ሳይጨርስ መንደር?

ፔታን፣ የጣሪያ ሠሪው ልጅ፣ እግረ ከባድ፣ ነገረ ቀርፋፋ፣
ማታ ማታ የበረቴን ግንብ ሲደበድብ እንቅልፌ ጠፋ።
ስንቴ ረገምኩት! ላሜ እንኳ ወተቷን ከለከለች፤
ኳሷ ግን ከዓመት ዓመት ቀስ በቀስ ልጓሙን ተቀበለች።

የነሐሴ በዓል መጣ፤ ሁለቱ ለፍጻሜ።
ሰው አጥሩ ላይ ሰፈረ፤ እኔም ከፊት ቆሜ።
ሃያ ሁለት የሞላ ይረታል፤ አላንድ አሥራ ስምንት ደረሰ፤
ፔታን አሥራ አንድ ላይ፣ ሸሚዙ በላብ ራሰ።
ያን ጊዜ ግራው አበጠች፤ ደሙ መዳፉ ላይ ረጋ፤
ኩፍ አለ እንደ አባቱ ሊጥ፣ ያልተገራው ሥጋ።
አሥራ ስምንት ላይ ቆሞ ቀረ። ሌላውን መቁጠር ምን ያደርጋል?
ግድግዳ ዘመድ የለው፤ የሰጡትን ይመልሳል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ነገሩ፣ ለሰባኪ በተመቸው፤
"ትጋት መክሊትን ረታ" ብሎ ሕዝቡን ወደ ምሳው በሸኘው።
እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሽንፈቱ አልነበረም፤
ግራውን ኪሱ ውስጥ ሲቀብራት አየሁት።
ያን አቀባበር አውቀዋለሁ።

እኔም እጅ ነበረኝ።
አሥራ ሦስት ዓመቴ፤ ሌሊት፤ ጨረቃ ግድግዳው ላይ፤
ማንም ሳይሰማ መታሁ፣ ማንም ሳያይ።
ያቺ ድምፅ፣ ያቺው የአላንድ ድምፅ፣ ተመልሳ መጣች፤
ሴት ልጅ ግድግዳው ፊት አትቆምም ነበርና፣ እዚያው ተቀበረች።
ጥፋቱ የኔ ነው የነሱ? ሃምሳ ዓመት ጠየቅሁ፤
እስከዚያው ክር ጠቀለልኩ፤ እስከዚያው ኳስ ሰፋሁ።
እጄ የነካት ሁሉ ትዘላለች። ይኼም አንድ ነገር ነው።
በቃኝ ብል ግን እዋሻለሁ።

ከገና በኋላ፣ ባንድ ውርጭ ንጋት፣ በሬ ተንኳኳ፤
አላንድ ነው፤ ዱቄት ቅንድቡ ላይ፣ ሌሊቱን ሊጥ ሲያቦካ።
"ትናንት ሦስት መቶ መታሁ" አለኝ፤ ግራው አብጣለች፤
"ፔታን ነው የነገረኝ፤ ሰው ሲቆምባት ትበርዳለች።"
ከደጃፌ ድንጋይ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ተንበረከከ፤
"ቁሚባት፣ እማማ ግራሺ።" ጉልበቴ ተብረከረከ።

ጫማዬን አወለቅሁ። በሱፍ ካልሲ፣ ቀስ ብዬ፣
ትከሻውን ተደግፌ፣ ክብደቴን ሁሉ ጥዬ፣
ቆምኩባት፣
ያችን ውብ እጅ።
ደሙ ከእግሬ ሥር ሲሸሽ ተሰማኝ፣ እንደ ትንሽ ዓሣ።
"ቀላል ነሽ" አለ ጥርሱን ነክሶ፤ "ጨምሪ፤ እግርሽ አይነሣ።"